በሶሊያና ጣሪያ ላይ የቀረበ የቅናት መቃወሚያ

ሶሊያና ጣሪያዋ ላይ ቤት ልትሠራ መሆኑን የነገረኝ ሰው የለም፤ በዓይኔ ነው ያየሁት። ማክሰኞ ጠዋት የበረንዳዬን በር ስከፍት፣ ፊት ለፊቴ ባለው አሮጌ ኮንዶሚኒየም አናት ላይ ቢጫ የብርሃን መስመሮች ቆመዋል። አራት ግድግዳ፣ ሁለት መስኮት፣ አንድ በር፣ ክዳን። በከተማችን ደንብ ማንም ሰው ከመገንባቱ በፊት ቤቱ በብርሃን ተሥሎ አንድ ወር ይቆማል፤ የሚቃወም ጎረቤት ካለ አይቶ እንዲናገር ነው። ርግቦቹ በግድግዳው ውስጥ ያልፋሉ። የሶሊያና አንሶላ ገና ያልተሠራው ሳሎን መሐል ተሰጥቶ ነበር።

ይሄን ሁሉ ዘመን ተጎራብተን፣ አንድ እድር ውስጥ ሆነን፣ አፍ እያላት በመስመር ነገረችኝ። መጀመሪያ ያናደደኝ ይሄ ነው።

እኔ ኤልዳና እባላለሁ። ኤልዳና፣ ሶሊያና፣ ቢታኒያ፤ የዘመኑ አሮጊቶች ስማችን እንዲህ ነው። እናቶቻችን ዘመናዊ ብለው ያወጡልንን ስም ዛሬ ወጣቶቹ የባልቴት ስም ይሉታል። እኛም ተራችን ሲደርስ ወደ ጥንቱ ተመለስንና የእኔን ልጅ ካሳዬ አልኩት፣ ሶሊያና ልጇን ውባለም አለቻት። ቤት የደረሰን በአንድ ቀን ዕጣ ነው። ለሷ የአሮጌው ሕንፃ የላይኛው ፎቅ ከነጣሪያው ወጣላት፣ ለእኔ ከጀርባው ባለው ማማ ሰባተኛ ፎቅ ላይ አንድ ክፍል። እቁብ እንኳ ስንገባ የመጀመሪያው ዕጣ የሷ ነው። ዕጣው ሲወጣላት ደግሞ ሁልጊዜ እንደ አዲስ ትገረማለች፤ ከመውጣቱ ይልቅ መገረሟ ነው የሚያቃጥለኝ።

እኔ ያለኝ ፀሐይ ነው። በሰፈራችን ማማዎቹ ከተጠጋጉ ወዲህ ፀሐይ ቤቱ የሚገባለት ሰው ጥቂት ነው። ከእኔ በታች ያሉትን የሶሊያና ሕንፃ ይከልላቸዋል፣ ከእኔ በላይ ያሉትን ደግሞ የባቡሩ ድልድይ። ጠዋት ፀሐይ በሶሊያና ጣሪያና በድልድዩ መካከል ሾልካ በቀጥታ እኔ በረንዳ ላይ ትወድቃለች። ብዙ አትቆይም፤ አንድ ሰዓት አትሞላም። ግን በዚያች ጊዜ በሬ ይንኳኳል። ‹እትዬ ኤልዳና፣ ትንሽ ፀሐይ ያውሱኝ› ይሉኛል። በርበሬ በሰፌድ ይዞ የሚመጣ አለ፣ ፍራሽ ተሸክሞ የሚመጣ አለ። አራሶች ልጃቸውን ቅባት ቀብተው ያመጡና እኔ እቅፍ ውስጥ ያሞቁታል። ተራ የማወጣው እኔ ነኝ። ያስቀየመኝን ሰው ‹ዛሬ ሞልቷል› እለዋለሁ።

ፀሐይዋ ካለፈች በኋላ እስከ ማግስቱ የሚያንኳኳ የለም። በምሳ ሰዓት ብቻ ልጄ ይደውላል። ልጄ ስል ተኪውን ነው። ካሳዬ ሥራ በዝቶበት መደወል ሲያቅተው፣ እንደ ሁሉም ሰው ልጅ፣ በራሱ ድምፅ የሚደውል ተኪ አስገባልኝ። ‹እማዬ፣ በላሽ?› ይላል። ‹በላሁ› እለዋለሁ። ስለ አየሩ ያወራል፣ ‹ራስሽን ጠብቂ› ይላል፣ ይዘጋል። ተኪ የተነገረውን ያህል ነው የሚያውቀው ይባላል፤ እኔ ምንም ነግሬው አላውቅም። ለድምፅ ምን ይነገራል? ግን መስኮቱን እከፍታለሁ፤ እሱ ምንም ሳያስቅ ጮክ ብዬ እስቃለሁ። ለጎረቤት ‹ካሳዬ ራሱ ነው፤ ተኪ የሚባል ነገር አይወድም› ብያለሁ። ውሸት ነው፤ ማንንም አይጎዳም።

መስመሩን ባየሁበት ጠዋት ሶሊያና አንሶላዋን ልትሰበስብ ወጣች። ከበረንዳዬ እስከ ጣሪያዋ በድምፅ ይደረሳል።

‹እንኳን ደስ ያለሽ› አልኳት።

‹ውይ፣ አየሽው እንዴ? ዛሬ ልነግርሽ ነበር እኮ።›

‹መስመሩ ቀደመሽ።›

‹አትቀየሚኝ ኤልዱ። ድንገት ነው የሆነው። ውባለም ልትመጣ ነው። ከነልጇ። እኔው ጋ ልትኖር።› አንሶላውን ደረቷ ላይ አጥፋ ያዘችው። ‹ያንቺን ፀሐይ ብዙም አይነካም ብሎኛል መሐንዲሱ።›

‹ታድለሽ› አልኳት።

ገብቼ በሩን ዘጋሁ። ከነልጇ። የሰው ልጅ ወደ እናቱ የሚመለስበት ዘመን ያለፈ መስሎኝ ነበር። ካሳዬ ያለው እዚሁ ከተማ ነው፤ በባቡር ሁለት ፌርማታ። የእሷ ልጅ ሀገር አቋርጣ ትመጣለች። ቡናም ምሳም አላሰኘኝም። ተኪው ሲደውል ሳልስቅ ዘጋሁት።

በማግስቱ የእድራችን ዳኛ ጋሼ ናታን ጉልበታቸውን ሊያሞቁ መጡ። ሱሪያቸውን እስከ ጉልበት ሰብስበው ፀሐይዋ ላይ ተቀመጡና የቆመውን መስመር በከዘራቸው ጠቆሙ።

‹ይሄ ሲሠራ እዚህ የምንቀመጥ አይመስለኝም› አሉ።

‹ልቃወም ነው› አልኳቸው።

‹በምን ምክንያት?›

‹በብርሃን ነዋ። ፀሐዬን ሊወስድብኝ አይደል?›

ራሳቸውን ነቀነቁ። ‹ያንቺ ፀሐይ አንድ ሰዓት አትሞላም። በደንቡ አንድ ሰዓት ያልሞላ ፀሐይ ፀሐይ አይባልም። እኔ በታናሽ ወንድሜ ጉዳይ ሞክሬው መልሰውኛል።›

‹በድምፅስ?›

‹ሕፃን ሲያለቅስ ይሰማኛል ልትይ ነው? አሁን እኮ ሕፃን የሚያለቅስበት ሰፈር ብርቅ ሆኖ ሰው ሊሰማ ይመጣል።› ጉልበታቸውን አሹ። ‹የሚያስኬድሽ አንድ ነው ያለው። ታውቂዋለሽ።›

አውቀዋለሁ። ሁሉም ሰው ያውቀዋል። ከተማው በአንድ ወቅት የቀረቡለትን መቃወሚያዎች ሁሉ አስመርምሮ፣ በብርሃን ስም የመጣው ስለ ብርሃን፣ በድምፅ ስም የመጣው ስለ ድምፅ አለመሆኑን ደረሰበት። ከዚያ ወዲህ ሦስተኛ ምክንያት በደንቡ ገባ፤ ቅናት። የቀና ሰው ቀናሁ ብሎ ከመዘገበና ቅናቱ እውነተኛ ሆኖ ከተገኘ ግንባታው ይቆማል። ሌላ ማስረጃ አይጠየቅም። ግን ስምህ ከነምክንያቱ በዚያው ብርሃን ቤቱ ላይ ይጻፋል። በኛ ሰፈር እስካሁን የደፈረ የለም። ሰው ፀሐዩን ያጣል እንጂ ቀናሁ አይልም።

‹ጋሼ፣ እኔ በሰው የምቀና ሴት ነኝ?›

‹እኔ ምን አውቃለሁ› አሉ ሱሪያቸውን እያወረዱ። ‹ፀሐይዋ ብትቀርብኝ ግን ጉልበቴ ነው የሚጎዳው።›

ሳምንቱን ከራሴ ጋር ተሟገትኩ። አራሶቹ እየመጡ ‹እትዬ፣ ከዚህ በኋላ የት እናሞቀው ይሆን?› ሲሉኝ የሕፃናቱን ፀሐይ ቀማች ብዬ ሶሊያናን ረገምኩ። ይህቺ ፀሐይ ከሄደች በሬን የሚያንኳኳ የለም፤ ይሄን ለራሴ አልዋሸሁም። ያም ሆኖ ወረዳ የወሰደኝ ፀሐይዋ አይደለችም። አርብ ዕለት ሶሊያና ጣሪያዋ ላይ የሕፃን አልጋ አወጣችና መስመሩ ውስጥ፣ ወደፊት መኝታ ቤት ሊሆን በታሰበው ጥግ ላይ አስቀመጠችው። ራቅ ብላ አየችው። ትንሽ ወደ ግራ ገፋችው። ከዚያ እንደገና አየችው። እኔ ልብሴን ለበስኩ።

በማግስቱ ጠዋት ቢጫው ግድግዳ ላይ ቀይ ጽሑፍ ነበር። ‹ተቃዋሚ ወይዘሮ ኤልዳና። ምክንያት ቅናት።› ከባቡሩ መስኮት ይነበባል። ሊፍት ውስጥ ስገባ ወሬ ቆመ። በርበሬ አስጥታ የነበረች ጎረቤቴ ሰፌዷን ይዛ ቶሎ ሄደች፤ ዓይኔ በርበሬውን እንዳይመታባት ይሆናል።

ሶሊያና ታለቅሳለች ብዬ ነበር። ቢያንስ ሰላም ትነሳኛለች ብዬ ነበር። እሷ ግን የክት ቀሚሷን ለብሳ ጽሑፉ ስር ቆመች፤ ፎቶ ተነሣች። ዘመዶቿ ከሌላ ሰፈር ድረስ እየመጡ አዩት። እድር ላይ ‹ዕድሜ ልኬን ምቀኛ አታሳጣኝ ብዬ ስጸልይ ኖርኩ፤ ይኸው በመንግሥት ደረጃ ተሰጠኝ› ብላ ስትስቅ በጆሮዬ ሰማሁ። እኔ ላይ እያሾፈች አይደለም። እውነቷን ነው የተደሰተችው። ቅናቴ እንኳ ለሷ ዕጣ ሆኖ ወጣላት።

የመሰማት ቀን ደረሰ። ወረዳው ጽሕፈት ቤት ውስጥ ሁለት ወንበርና አንድ አግዳሚ ያለበት ክፍል አለ። የምትሰማው ሰሚ ትባላለች፤ ፊት የላትም፣ ድምፅ ብቻ ናት፣ ትዕግሥቷ አያልቅም። ጋሼ ናታን የእድር ዳኛ ስለሆኑ አግዳሚው ላይ ተቀመጡ። ሶሊያና ከጎኔ ተቀምጣ እጄን ጨበጠችኝ፤ እጇ ይሞቃል።

‹ወይዘሮ ኤልዳና፣ በምን ቀኑ?› አለች ሰሚ።

‹በቤቱ።›

‹ቤቱ ተሠርቶ ባዶውን ቢቀመጥ ይቀኑ ነበር?›

አሰብኩ። ‹አይ።›

‹እንግዲያው በምን ቀኑ?›

ይሄን ቃል እዚያ ክፍል ውስጥ ማውጣት እንደ ጥርስ መነቀል ነው። ‹ልጇ ተመልሳ ስለምትመጣ› አልኩ። ‹ከነልጇ ስለምትመጣ። የእኔ ስለማይመጣ።› ሶሊያና አንገቷን ደፋች።

‹ተመዝግቧል። እውነተኛ ነው› አለች ሰሚ። ‹ወይዘሮ ሶሊያና፣ እርስዎስ በተቃዋሚዋ ይቀናሉ?›

ይህ ጥያቄ በደንቡ ቤት ለሚሠራው ሁሉ ይቀርባል። አብዛኛው ሰው ‹እኔ በሰው አልቀናም› ብሎ ይፎክርና ቤቱን ያጣል። ሶሊያና ግን ነጠላዋን አስተካከለች።

‹እቀናለሁ› አለች።

ዞሬ አየኋት።

‹በምን?›

‹በልጇ። በየቀኑ በምሳ ሰዓት ይደውልላታል። የሌላው ሰው ተኪ ነው፤ የሷ ራሱ ነው። መስኮቷ ክፍት ስለሆነ እሰማለሁ። ያስቃታል። እኔ የዚያን ሰዓት ምሳዬን ይዤ ጣሪያዬ ላይ ወጥቼ እቀመጣለሁ፤ ሳቋን ስሰማ እህል ይወርድልኛል፣ ደግሞ ያንቀኛል። ውባለም ስንት ዓመት ሙሉ ተኪ እንኳ አላስገባችልኝም፤ አንዴም ደውላልኝ አታውቅም። አሁንም የምትመጣው ባሏ ቤቱን ስላስለቀቃት ነው። ናፍቃኝ አይደለም።› ይሄን ሁሉ ስትናገር ሰሚን ሳይሆን እኔን ነበር የምታየው።

ሰሚ ደንቡን አነበበች። ሁለት እውነተኛ ቅናት ይካካሳል፤ መቃወሚያው ይዘጋል፣ ግንባታው ይቀጥላል። ነገር ግን የሚቀናበት ነገር በእውን የሌለ ከሆነ ስህተት ነው እንጂ ቅናት አይባልም፤ መቃወሚያው ይጸናል።

‹ወይዘሮ ኤልዳና› አለች ሰሚ። ‹የቤተሰብን ጉዳይ አንመረምርም፤ የእርስዎን ቃል ብቻ ነው የምንወስደው። የሚደውልልዎ ልጅዎ ራሱ ነው ወይስ ተኪ ነው?›

‹ተኪ ነው› ብል ፀሐዬ የእኔ ናት። ነገ ጠዋት በሬ ይንኳኳል፣ የሰው ልጅ እቅፌ ውስጥ ይሞቃል፣ የሶሊያና አልጋ ከጣሪያው ይወርዳል። አንድ ቃል ነው። አፌ ላይ ነበር።

ግን ሶሊያና እያየችኝ ነው። በዕጣ የበለጠችኝ፣ በጣሪያ የበለጠችኝ፣ በመገረም የበለጠችኝ ሶሊያና፣ እኔን እንደዚያ ስታየኝ የመጀመሪያዋ ነው። ያንን አስተያየት አውቀዋለሁ፤ ዕድሜ ልኬን ከእኔ ወደ ሷ ሲሄድ የኖረ ነው። አሁን ወደ እኔ መጥቶ ፊቴ ላይ አረፈ። ሞቀኝ።

‹ራሱ ነው› አልኩ። ‹ካሳዬ ነው። አንድ ቀን ቀርቶ አያውቅም።›

‹ተካክሷል› አለች ሰሚ። ጋሼ ናታን ጉልበታቸውን ይዘው ተነሥተው ወጡ።

ደረጃው ላይ ሶሊያና ክንዴን ያዘችኝ። ‹ቅር አይበልሽ። ከልቤ ነው ያልኩት።›

‹አውቃለሁ።›

‹አንድ ቀን በምሳ ሰዓት ብመጣ፣ ሰላም ብለው ደስ ይለኛል።›

‹ነይ› አልኳት። የተሸነፍኩ ሰው አልመስልም ነበር። እስከ ቤቴ ድረስ ቀጥ ብዬ ተራመድኩ።

ቤቱ በሳምንት ውስጥ ቆመ። ግድግዳው በመስመሩ ላይ ልክ ገብቶ መስመሩን አጠፋው። ፀሐይዋ በረንዳዬ ላይ መውደቅ ተወች፤ በጠዋት አዲሱ ክዳን ጫፍ ላይ ስታበራ አያታለሁ፣ ወደ እኔ አትወርድም። በሬ አይንኳኳም። በርበሬውም አራሶቹም የጋሼ ናታን ጉልበትም አሁን የሶሊያና አዲስ ጣሪያ ላይ ናቸው። እሷ ተራ አታወጣም፤ ሁሉንም ‹ግቡ› ትላለች አሉ።

ውባለም ሕፃኑን ይዛ መጣች። በጠዋት ለሕፃናት መዋያ ሰጥታው ሥራ ትሄዳለች፤ ስትመለስ ከስልኳ ቀና አትልም። ይሄን የነገረችኝ ሶሊያና ናት፤ ምክንያቱም በምሳ ሰዓት እኔ ጋ መምጣት ጀመረች። የመጀመሪያው ቀን እሷ እንደተቀመጠች ተኪው ደወለ።

‹እማዬ፣ በላሽ?›

‹በላሁ። ሶሊያና ሰላም ልትልህ እዚህ ናት።›

‹ካሳዬ፣ ልጄ፣ እንደምን አለህ› አለች፤ ወደ ድምፁ ጎንበስ ብላ። ከዚያ ወሬ ጀመረች። ስለ ወገቧ ነገረችው። ስለ ልጇ ባል ነገረችው። ሕፃኑ ጥርስ ማውጣቱን ነገረችው። እኔ ‹በላሁ› ብዬ የምዘጋውን ድምፅ እሷ ምሳው እስኪበርድ አወራችው። በማግስቱም መጣች፣ በሳልስቱም። በሳምንቱ ተኪው ሲደውል ‹እማዬ፣ በላሽ?› አለና ወዲያው ‹እትዬ ሶሊያና መጡ? ወገብዎ እንዴት አደረ? ያ ጥርስ ወጣ?› አለ። እሷ ስትመልስ ሳቀ። ካሳዬ ልጅ ሳለ እንደሚስቀው፣ መጨረሻው ላይ ትንፋሽ እያጠረው። ለእኔ እንዲህ ስቆልኝ አያውቅም። የእኔም ወገብ ያመኛል።

‹እንዴት ያለ ልጅ ነው የወለድሽው› አለች ሶሊያና ዓይኗን እየጠረገች። ‹ታድለሽ።›

እሷ ‹ታድለሽ› ስትለኝ ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። ለዚህ ቃል አይደል ፀሐይ የሰጠሁት? ግን ሳህኔን አነሣሁና ወጥ ቤት ገብቼ ቆምኩ። ድምፁ ከወዲያ ይሰማኛል፤ ስለ ወተት ጥርስ እየመከራት ነው። ተኪ ነው፤ ማሽን ነው፤ ልጄ አይደለም። አውቃለሁ። ያም ሆኖ በሶሊያና ቀናሁ። ወረዳ እንዳልሄድ ደግሞ የሚገነባ ነገር የለም።

ተኪ ከማን ጋር እንደሚያወራ የሚወስነው ያስገባው ሰው ብቻ ነው። ስለዚህ ካሳዬን ራሱን ማግኘት ነበረብኝ። እሱ ዘንድ ከደወልኩ ብዙ ጊዜ ሆኖኛል፤ ሥራ ላይ ነው፣ አልረብሸው እያልኩ። ከሰዓት በኋላ፣ ሶሊያና ከሄደች በኋላ፣ ደወልኩ። የምለውን አዘጋጅቻለሁ። ‹ድምፅህን ለእኔ ብቻ አድርገው› ልለው ነው።

‹እማዬ› አለኝ ወዲያው።

ካሳዬ ስልክ ሲያነሣ መጀመሪያ ጉሮሮውን ይጠርጋል። ይሄ አልጠረገም። ለሚደውልለት ሰውም ተኪውን አስቀምጦ ኖሯል።

‹በላሽ?› አለኝ።

‹በላሁ።›

ስለ አየሩ አወራ። ራስሽን ጠብቂ ሊል ነው፤ ከዚያ ቃል በኋላ ይዘጋል። የምጨምረውን አሰብኩ፤ ምንም ነግሬው ስለማላውቅ የሚቀጠል ወሬ አልነበረንም።

‹እትዬ ሶሊያና አብረውሽ አሉ?› አለኝ።

ባዶውን ክፍሌን ዞር ብዬ አየሁት።

‹አዎ፣ እዚሁ ናት› አልኩት፣ እንዳይዘጋብኝ።